ባሌ «ይላጭ» ይላል፣ ልጄ «ኳስ ኳስ ይሰራለት» ትላለች፣ እኔ መሀል ቤት ቀረሁ

ጥያቄ፦

ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ ግን አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ለዛውም ስለ ውሻ ፀጉር። ብትስቂብኝም አልፈርድብሽም።

ቦቢ የሚባል ወንድ ፑድል አለን፣ ከትልቁም ከትንሹም አይደለም መሀለኛው ነው፣ አሁን 11 ወር ሞልቶታል። ስናመጣው ፀጉሩ ጥጥ ነበር የሚመስለው። ልጄ 12 ዓመቷ ነው፣ አባቷን ያስፈቀደችው «እኔ ነኝ የማበጥረው፣ እናንተ አትነኩትም» ብላ ምላ ተገዝታ ነው። የመጀመሪያውን ወር አበጠረችው፣ ከዛ በኋላ ማን እንደሚያበጥረው አንቺው ገምቺ።

አሁን ቤቱን ያመሰው ስታይሉ ነው። ልጄ ስልኳ ላይ የውድድር ፑድሎችን ፎቶ አጠራቅማ ቁጭ ብላለች፣ ወገባቸው ተላጭቶ፣ ደረታቸው ላይ እንደ አንበሳ ጎፈር፣ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ኳስ፣ ጭራቸው ጫፍ ላይ ሌላ ኳስ። እንደዛ ካልሆነ ፑድልነቱ ምኑ ላይ ነው ባይ ናት። ባሌ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ይዞት የሚወጣው እሱ ስለሆነ «እኔ ኳስ ያንጠለጠለ ውሻ እየጎተትኩ አልዞርም፣ ወንድ እኮ ነው፣ አንድ ቀን ራሴ ወስጄ ቁጥር 10 አስደርጌው እገላገላለሁ» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ተነስቼ ፀጉር ቆራጩ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ጣቶቹን ፀጉሩ ስር ከቶ ዳበሰውና «ከላይ ከላይ ነው እንዴ የምታበጥሪው? ስሩ እኮ ምንጣፍ ሆኗል፣ ከመላጨት ሌላ የማደርገው የለም» አለኝ፣ ሌሎች ሰዎች ተቀምጠው እየሰሙ። ፊቴ ነደደ። በየቀኑ ነው እኮ የማበጥረው! ሳላስቆርጠው ይዤው ተመለስኩ። ማታ ልጄ አለቀሰች፣ ባሌ «አላልኩም?» አለ፣ እኔ መኝታ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁ፣ ቦቢም ተከትሎኝ ገብቶ እግሬ ስር ተኛ፣ እሱን ሳየው ባሰብኝ።

ምን ዓይነት ቁርጥ ላስቆርጠው? ማንን ላስደስት? ደሞ ከተላጨ ፀጉሩ ተመልሶ እንደድሮው ይሆናል ወይስ ተበላሽቶ ይቀራል?

ግራ የገባኝ የቦቢ እናት

መልስ፦

የቦቢ እናት፣ ኧረ አልሳቅኩም። እንደውም ደብዳቤሽን ሳነብ ያንን ሰው ፊት የተናገረሽን ቦታ ስደርስ እኔም ፊቴ ሲሞቅ ተሰማኝ፣ ምክንያቱም እዛ ወንበር ላይ ተቀምጬ አውቃለሁ። ሰውየው የተናገረው ነገር ልክ ሊሆን ይችላል፣ አነጋገሩ ግን ልክ አልነበረም፣ ሁለቱን ለይተሽ ያዢ።

በየቀኑ እያበጠርሽው እንዴት ምንጣፍ ሆነ? ከዚህ ልጀምር፣ ምክንያቱም ጥፋተኝነቱ ካልወረደልሽ የቀረውን አትሰሚኝም። የፑድል ፀጉር እንደ ሰው ፀጉር ነው፣ ካልተቆረጠ ማደጉን አያቆምም፣ ወለሉ ላይም ብዙ አይረግፍም። የማይረግፈው ግን የሚነቀል ስለሌለ አይደለም፣ የተነቀለው ፀጉር ከጥቅልሉ መውጣት አቅቶት እዛው ታስሮ ስለሚቀር ነው፣ ከጎረቤቱ ጋር ይጠላለፋል፣ ውሻው ሲተኛበት ሲታሽበት ይጠብቃል። ለስላሳ ብሩሽ ከላይ ሲሄድበት ላዩ ያብረቀርቃል፣ ስሩን ግን አይነካውም። በዛ ላይ የቦቢን ዕድሜ ተመልከቺ እስቲ፣ 11 ወር ነው። ፑድል ከ9 ወር አካባቢ እስከ ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ የቡችላነት ፀጉሩን ጥሎ የትልቅ ውሻ ፀጉር ያወጣል፣ ጥጥ የመሰለውና ጠንካራው አንድ ላይ ሲበቅሉ ማታ አበጥረሽው ያደርሽው ጠዋት ተቋጥሮ ይጠብቅሻል። ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው በዚሁ ወቅት ነው። አንቺ የሰነፍሽ መስሎሽ ነበር፣ አይደለም፣ ከባዱ ወቅት ላይ ደርሰሽ ነው።

የራሴን ልንገርሽ ብዬ ነበር። የመጀመሪያዋ ፑድሌ ጆሮዋ ኋላ የአውራ ጣቴን ጫፍ የምታክል ቋጠሮ አገኘሁባት፣ ጣቴ ስር ስትዳሰስ ደረቅ፣ እንደ ተጠቀጠቀ ሱፍ። ስታጠብ ይለሰልሳል ብዬ አጠብኳት፣ ውሃ ሲነካው የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ እንደሚሆነው ኩምትር ብሎ ቁጭ አለ። ከዛ ብልህ ነኝ ብዬ መቀስ አነሳሁ። የማላውቀው ነገር ቋጠሮው ቆዳዋን ወደ ውስጥ ስቦ እንደያዘው ነበር፣ ፀጉር የቆረጥኩ መስሎኝ ቆዳዋን ቆረጥኩት። ሀኪሙ ጋ ሄደን ሁለት ቦታ ተሰፋች፣ ዶክተሩ አንድም ቃል አልተናገረኝም፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እና እባክሽ ቋጠሮ ላይ መቀስ አታሳርፊ፣ ሳይፈታ ደሞ አታጥቢው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። እኔ እንደገባኝ እናንተ ቤት ሁለት ነገር ተደባልቋል፣ አንደኛው ቦቢ ዛሬ ምን ይሁን የሚለው ነው፣ ሌላው ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ምን ይምሰል የሚለው። ባልሽና ልጅሽ የሚጣሉት ስለ ሁለተኛው ነው፣ ውሻውን የሚያመው ግን የመጀመሪያው ነው። ቋጠሮ ማለት ቀኑን ሙሉ አንድ ሰው ፀጉርሽን ጨብጦ ይዞሽ እንደመዋል ነው፣ በተራመደ ቁጥር ብብቱ ስር ይስበዋል፣ ስሩ ያለው ቆዳም አየር አያገኝም፣ ይረጥባል፣ ይቆስላል። ስለዚህ ጥርሱ ረዘም ያለ የብረት ሚዶ ያዢና ከቆዳው ጀምረሽ ወደ ውጭ ሳቢ፣ ከጆሮው ኋላ፣ ብብቱ ስር፣ የአንገት ማሰሪያው ያለበት ቦታ፣ ታፋው ውስጥ፣ ጣቶቹ መሀል። ሚዶው አንዳንድ ቦታ ብቻ ከያዘ በትዕግስት ይፈታል። ሁሉም ቦታ ላይ ከያዘና ከቆዳው ማለፍ ካቃተው ግን፣ በቃ፣ ይላጭ። ሰዓታት እየጎተቱ መፍታት ለውበት ተብሎ ማሰቃየት ነው፣ ሁለተኛ ደሞ ብሩሽ ሲያይ አልጋ ስር የሚገባ ውሻ ታተርፊያለሽ።

ተመልሶ ይበቅላል ወይ ላልሽው፣ አዎ ይበቅላል። ድርብ ፀጉር ያላቸው ውሾች አሉ፣ ከላይኛው ፀጉር ስር ሌላ ለስላሳ የውስጥ ሽፋን ያላቸው፣ እንደ ሀስኪ ያሉት፣ እነሱን መላጨት አይመከርም፣ ፀጉራቸው አንዳንዴ ተዘበራርቆ ነው የሚመለሰው። ፑድል ግን ያ የውስጥ ሽፋን የለውም፣ በወር አንድ ሴንቲሜትር ገደማ እያደገ ይመጣል። በቦቢ ዕድሜ ደሞ እንደውም ተመችቶሻል፣ የቡችላው ፀጉር ተላጭቶ ሲሄድ የሚመጣው የትልቅ ውሻ ፀጉሩ ነው፣ ጠጠር ያለ ይሆናል፣ ቀለሙም ትንሽ ሊለይ ይችላል፣ ያ ከመላጨቱ የመጣ ሳይሆን ከዕድሜው ነውና አትደንግጪ።

ብቻ ከተላጨ በኋላ ለጥቂት ቀናት ዓይንሽ እሱ ላይ ይሁን። ጆሮው ላይ የተጠቀጠቀ ፀጉር ከነበረ፣ ያ ክብደት በአንዴ ሲነሳለት ራሱን ደጋግሞ ያራግፋል፣ ከበዛ የጆሮው ቅጠል ውስጥ ደም ሊቋጠር ይችላል፣ ጆሮው እንደ ትራስ አበጥ ካለ ነገ ዛሬ ሳትዪ ወደ ሀኪም። ፀሀይ ያቃጥለዋል፣ ብርድም ይሰማዋል፣ ስለዚህ ጠራራ ላይ አታቆዩት፣ ከበረደው ልብስ ነገር አልብሱት። ልጅሽም ባልሽም ሲያዩት አይሳቁበት፣ ይገባዋል አይገባውም አልከራከርሽም፣ የኔዋ ግን ቤቱ ሲስቅባት ሶፋ ኋላ ገብታ አልወጣም ብላለች።

ባልሽ «ቁጥር 10» ያለውን ሳነብ ግን፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ እዚህ ጋ ሳቅኩ። ምናልባት ከራሱ ፀጉር ቤት የለመደው ቁጥር መስሎት ይሆናል፣ እዛ ቁጥሩ ከፍ ሲል የሚቀረው ፀጉር ይረዝማል። የውሻ ቶንዶስ ምላጭ ተቃራኒው ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር የሚያጥረው ፀጉሩ ነው። 10 ማለት ከቆዳው በላይ 1.5 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚተርፈው፣ ፊትና የእግር ጣት ለመላጨት የሚጠቀሙበት ነው። 7 ቁጥር 3 ሚሊሜትር ገደማ ይተዋል፣ ለተቋጠረ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ የሚደረገው እሱ ነው፣ 4 ቁጥር ደሞ ወደ አንድ ሴንቲሜትር ይጠጋል። ይህንን ለባልሽ ስትነግሪው ግን «አየህ አታውቅም» በሚል ቃና አይሁን፣ አጭር ሲል በጣቱ ምን ያህል ማለቱ እንደሆነ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። እኔ ስጠረጥር ሰውየው ራሰ በራ ውሻ አይደለም የሚፈልገው፣ የሚፈልገው ኳስ እንዳይኖር ብቻ ነው። በአንድ ሴንቲሜትር ፀጉር የሚስማማ ይመስለኛል።

እና ኳሱን ለምን እንደዛ ጠላው? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ጠዋት ጠዋት ይዞት ሲወጣ የሆነ ሰው የሆነ ነገር ብሎት ይሆን? መጀመሪያ ውሻ አይገባም ያለ ሰው ይመስለኛል፣ ዛሬ ግን ከሞቀ አልጋው ተነስቶ ውሻ የሚያናፍሰው እሱ ነው፣ ያ ቀላል ነገር አይደለም፣ ከልጅሽ መሀላ በላይ ሰርቷል ብል እሷ እንዳትሰማኝ። «ወንድ ነው» የሚለው ነገር ላይ ከመጣ ደግሞ አንድ ወሬ ይዘሽለት ግቢ፣ ያ የምታፌዙበት የኳስ ቁርጥ የሳሎን ቁርጥ ሆኖ አልተጀመረም። ፑድል የውሃ አዳኝ ውሻ ነው፣ ስሙ ራሱ ጀርመኖች ውሃ መንቦጫረቅን ከሚጠሩበት ቃል የመጣ ነው፣ ፈረንሳዮች የሚጠሩበት ካኒሽ የሚለው ስምም ከዳክዬ ጋር የተያያዘ ነው። አዳኙ ተኩሶ የጣለውን ዳክዬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ የሚያመጣ ውሻ ነበር፣ የኋላ ወገኑን የሚላጩት መዋኘት እንዲቀለው፣ ደረቱና መገጣጠሚያው ላይ የሚተዉለት ብርዱ እንዳይጎዳው ነው ይባላል። ይሄ ካላሳመነው፣ አላስካ ውስጥ ኢዲታሮድ የሚባል ከ1,500 ኪሎ ሜትር በላይ የሚኬድበት የበረዶ ላይ የውሻ ጋሪ ውድድር አለ፣ እዛ ላይ እ.ኤ.አ. በ1988 ጆን ሱተር የሚባል ሰው ትልልቅ ፑድሎች ጠምዶ ገብቷል። (የፑድል ፀጉር በረዶ እየጠቀለለ አስቸግሮታል፣ በኋላ ሕጉ ተቀይሮ ለቀዝቃዛ አገር ውሾች ብቻ ሆነ፣ ያንን ግን ለባልሽ ባትነግሪው ይሻላል።)

ልጅሽ የምታያቸው ፎቶዎች እውነተኛ ናቸው፣ ያምራሉም። እ.ኤ.አ. በ2024 ኒውዮርክ በዌስትሚኒስተር ውድድር ከሁሉም ውሾች በልጣ አንደኛ የወጣችው ሴጅ ጥቁር መሀለኛ ፑድል ናት፣ የቦቢ መጠን። ሳያት እኔም ዓይኔን መንቀል አቅቶኝ ነበር። ግን የውድድር ውሻ ፀጉር ሥራ ነው፣ ሰዓታት የሚፈጅ ማጠብ፣ በፎን እያቃኑ ማድረቅ፣ አንድ በአንድ በመቀስ መቅረጽ፣ በሌላው ቀን ደሞ እንዳይበላሽ የአናቱን ፀጉር በትንንሽ ላስቲክ አስሮ መያዝ። ቤት ውስጥ ስታደርጊው ችግሩ ድርብ ነው፣ የተላጨው ቦታ በሳምንታት ውስጥ በቅሎ ቅርጹ ይጠፋል፣ ረጅሙ ቦታ ደሞ በየቀኑ ከስሩ ካልተበጠረ ይቋጠራል። አባቷ ስለከለከለ ሳይሆን እናንተ ቤት ያንን የሚሰራ እጅ ስለሌለ ነው የማይሆነው። «ቃል ገብተሽ አልነበር» የሚለውን ግን አታንሺው፣ 12 ዓመቷ ነው፣ ታውቀዋለች፣ ያሳፍራታል፣ ያፈረ ልጅ ደግሞ ይጮሃል እንጂ አያበጥርም።

እኔ ብሆን ምን አደርግ መሰለሽ፣ ጭራውን ለሷ እሰጣታለሁ። ጭራው የሷ ነው፣ ኳስ ታድርገው፣ ትንሽ ኳስ፣ ብሩሽና ሚዶ የሷ፣ ሌላ ሰው አይነካውም። በሳምንት ሦስት ቀን ለአምስት ደቂቃ ያህል ብታበጥረው ይበቃዋል፣ ከተቋጠረ በሚቀጥለው ቁርጥ አብሮ ያጥራል፣ ያለ ጭቅጭቅ፣ ያለ ለቅሶ፣ ስምምነቱ ቀድሞ ስለሚታወቅ። አንድ ወቅት ሙሉ ጭራውን ንጹህ አድርጋ ካቆየችው ጆሮውን ጨምሪላት። ባልሽ ጭራ ላይ ካለች አንዲት ኳስ ጋር መኖር የሚያቅተው አይመስለኝም፣ ጫፏ ላይ የምትወዛወዘዋን ካልጠላ በቀር።

አሁን ወደ አንቺ። ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብኩት፣ ባልሽ ምን እንደሚፈልግ አለ፣ ልጅሽ ምን እንደምትፈልግ አለ፣ አንቺ ምን ዓይነት ቦቢ እንደምትወጂ ግን አንድ ቦታ እንኳን የለም። የምታበጥሪው አንቺ፣ የምትወስጂው አንቺ፣ የተሰደብሽው አንቺ። ማን ላስደስት ከማለትሽ በፊት በሳምንት ስንት ደቂቃ ሳትማረሪ ብሩሽ መያዝ እንደምትችዪ ቁጠሪ፣ ጥሩ ሴት ብትሆኚ ኖሮ የምትችዪውን ሳይሆን፣ ልጅ ታሞ ሥራ በዝቶ በደከመሽ ሳምንት የምትችዪውን። በሳምንት ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ከሆነ ሰውነቱ ከአንድ ሴንቲሜትር ብዙ አይለፍ። በየቀኑ ከሆነና እሱም ደስ የሚልሽ ከሆነ፣ አለ እኮ እንደዛ የሚያዝናናው ሰው፣ ረዘም አድርጊው።

ምርጫዬን ከጠየቅሽኝ፣ ፀጉሩ ተመልሶ ካደገ በኋላ ሰውነቱ አጭር፣ እግሮቹ ከሰውነቱ ትንሽ ረዘም ብለው ከላይ ካለው ጋር በመቀስ እየተመጣጠኑ የሚወርዱበትን፣ ላምብ ወይም ስፖርቲንግ የሚሉትን ዓይነት ነው የምመርጥልሽ። እግሩ ላይ ኳስ የለውም፣ ራሰ በራም አይደለም፣ ፑድልነቱም አይጠፋም። ፊቱ ላይ ሁለት መንገድ አለሽ፣ አንዱ አፍንጫውና ጉንጩ ተላጭቶ ያ ሹል የፑድል ፊት እንዲወጣ ነው፣ ይሄ ንጽህናው ቀላል ነው። ሌላው ሁሉም የሚወደው ክብ የአሻንጉሊት ፊት፣ ቴዲ ቤር የሚሉት፣ ያምራል አልዋሽሽም፣ ግን ውሃ በጠጣ ቁጥር ጢሙ ይንጠባጠባል፣ ምግብ ይይዛል፣ ዓይኑ ስር ያለው ፀጉር ካልተከረከመ ይወጋዋል። እኔ ተላጭቶ የሚወጣውን ነው የምወደው፣ አንቺ ግን ቡችላነቱ የሚናፍቅሽ ከመሰለሽ ክቡን ሞክሪው፣ ካስቸገረሽ በሚቀጥለው ይላጫል፣ ፀጉር ነው።

ስታበጥሪው ከላይ ከላይ ብቻ አትሂጂ። በጎኑ አስተኚው፣ ፀጉሩን በአንድ እጅሽ ወደ ላይ ገልብጠሽ ያዢና ቆዳው በቀጭን መስመር እስኪታይሽ ከፍለሽ፣ ከዛች መስመር ጥቂት ጥቂት እያወረድሽ፣ ጥርሱ ቀጭን ሽቦ በሆነው ብሩሽ ቀስ ብለሽ ሂጂበት፣ ቆዳውን እንዳትፍቂው ብቻ፣ ከኋላ በሚዶው አረጋግጪ። ቤት ውስጥ ሲሆን የአንገት ማሰሪያውን አውልቂለት፣ ግማሹ ቋጠሮ የሚመጣው ከሱ ነው። የጆሮው ቀዳዳ ውስጥ ያለውን ፀጉር እንንቀለው ካሉሽ ደግሞ መጀመሪያ ሀኪሙን ጠይቂ፣ ጆሮው ጤነኛ ከሆነ ባይነካ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው።

ቆራጩ ጋ ስትመለሺ፣ እዛው ሰውዬ ጋ መሄድ ግዴታሽ አይደለም፣ ሥራው ጥሩ ሆኖ አፉ ብቻ ከሆነ የከፋው ግን «ባለፈው ሰው ፊት ስትናገረኝ ከፍቶኛል፣ እንዴት እንደማበጥረው ግን ብታሳየኝ ደስ ይለኛል» በዪው፣ ብዙዎቹ እንደዛ ሲጠየቁ ልባቸው ይለሰልሳል። የስታይል ስም ብቻ ይዘሽ አትግቢ፣ አንዱ ቴዲ ቤር የሚለው ለሌላው ሌላ ነው፣ ከፊትና ከጎን የተነሳ ፎቶ ይዘሽ ሂጂ፣ ርዝመቱን በሚሊሜትር ንገሪው፣ ፊቱ፣ ጆሮው፣ እግሩ፣ ጭራው እያልሽ አንድ በአንድ። ከተስማማሽው ውጭ ማሳጠር ካስፈለገው ቀድሞ እንዲደውልልሽ አስረጂው። ሲጨርስ የተጠቀመውን የምላጭ ቁጥር ጽፎ ይስጥሽ፣ ከዛ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ መመላለስ ነው፣ ቀጠሮውን እዛው ያዢ፣ «ሲደርስ እደውላለሁ» ያልኩበት ጊዜ ሁሉ እኔን ሦስት ወር አሳልፎኛል።

ዛሬ ማታ ግን ከባልሽም ከልጅሽም ጋር ስለ ስታይል አታውሩ። ቦቢ ሲደክመውና ሲጋደም ጠብቂው፣ ሚዶውን ያዢና ከግራ ጆሮው ኋላ ጀምሪ። ካለፈ አለፈ። ካላለፈ ልጅሽን ጥሪያትና በጣቷ ቋጠሮውን አስዳስሻት፣ ምንም አትበያት፣ ራሷ ትነግርሻለች። የጭራውን ነገር ያኔ ንገሪያት፣ ምን እንዳለችሽ ደሞ ጻፊልኝ።